ወሰን ያለው ምሕረት

ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የጀመረ ነርስ ከዕውቀት ፈተና በላይ የሕሊና ፈተና ይጠብቀዋል። በቴፒና በበበቃ የቡና እርሻዎች የለቀማው ወቅት ሲደርስ ከሌላ አካባቢ የመጣ የቀን ሠራተኛ ይበዛል፤ ወባም አብሮ ያስቸግራል። ሌሊት ጤና ጣቢያ ላይ ተረኛ የሆነውን ጀማሪ፣ ያልሠለጠነበትን ሥራ እንዲሠራ አስታማሚ ይማጸነዋል፤ አንዳንዴም አለቃ በቃል ብቻ ያዘዋል። እምቢ ቢል ጨካኝ ይባላል፤ እሺ ቢል ሰው ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ የሙያን ወሰን መጠበቅ ከርኅራኄ ጋር ይጣላል ወይ? አይጣላም፤ ወሰንን ማወቅ ራሱ ርኅራኄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕመምተኛ ገላውን አምኖ የሚሰጠው ለተፈተነ ችሎታ ነው። ችሎታው ሳይኖር እጅን ማስገባት፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆን እንኳ፣ ያንን አደራ መብላት ነው። የሃይማኖት ትምህርቶቻችንም ይህን ይደግፋሉ። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ቁስለኛ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት፤ ከዚያ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ አደረሰው፣ ለባለቤቱም ገንዘብ ከፍሎ አስረከበው፣ ተመልሶም ቀሪውን እንደሚከፍል ቃል ገባ። የሚችለውን ሠራ፣ የቀረውን ለሌላ አስረከበ፣ ኃላፊነቱን ግን አልጣለም። በእስልምናም አቡ ዳውድ ከዘገቧቸው ሐዲሶች አንዱ፣ የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ያስተምራል።

“ሐኪም በሌለበት፣ ክረምት መንገዱን በዘጋበት ቀበሌ ወሰን መጠበቅ ቅንጦት ነው” የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን አገራችን ለዚሁ ችግር መልስ ስትፈልግ የሄደችበትን መንገድ እንይ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠሩ ጤና መኮንኖችን አሠለጠነ። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ሕክምናው በጤና ጣቢያ የተዳረሰው ነርሶች ሠልጥነው ሲረከቡት ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላም ጤና መኮንኖች ተጨማሪ ትምህርት ወስደው እናቶችን በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ጀመሩ። በሦስቱም ጊዜ ወሰኑ ሰፍቷል፤ ያሰፋው ግን ሥልጠናና ክትትል ነው። አንድ ጀማሪ በጨለማ ለብቻው የሚወስደው ድፍረት ይህን ሊተካ አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወሰን የሰነፍ መደበቂያ ይሆናል የሚል ነው። “አይመለከተኝም” ብሎ ፊቱን የሚያዞር ባለሙያ መኖሩ አይካድም። ይሁንና ወሰን ከሚከለክለው ይልቅ የሚያዘው ይበዛል፦ የመተንፈሻ መንገድን መክፈት፣ ትኩሳትና ደም ግፊት መለካት፣ የበላዩን ባለሙያ መጥራት፣ የታየውንና የተደረገውን ካርድ ላይ መጻፍ፣ ሪፈር አስጽፎ አምቡላንስ እስኪመጣ ከአልጋው አለመራቅ። ይህን ሁሉ ያደረገ ነርስ “ከዚህ በላይ አልሠለጠንኩም” ቢል እውነት ተናግሯል፤ ሕመምተኛውንም አልተወም።

ይህ እንዲሆን ግን ሸክሙ በጀማሪው ትከሻ ብቻ መውደቅ የለበትም። አለቆች ትእዛዛችሁን በጽሑፍ ስጡ፤ በተረኝነት ሰዓት ስልካችሁን አንሡ፤ የጠየቀን ጀማሪ በሰው ፊት አትገሥጹ። እናንተም አዲስ ነርሶች፣ አለማወቃችሁን ለመናገር አትፈሩ፤ በዚያ ሰዓት ለሕመምተኛው የምትሰጡት ትልቁ ምሕረት እርሱ ሊሆን ይችላል።