ዳኛው ይታይ ወይስ ይሸፈን?

በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ስለሚወዳደሩ ሰዎች እንድታነቡ ስጋብዛችሁ «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ስፖርቱ የቀዝቃዛ አገር ስፖርት ነው። ስለ አለባበሱና ስለ ሙዚቃው የሚባል ብዙ አለ፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው። እኔን የሳበኝ ጨዋታው ሳይሆን ዳኝነቱ ነው። ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ የሚገጥመው ፈተና ሁሉ በዚያ ስፖርት ውስጥ በቁጥር ተጽፎ፣ በቴሌቪዥን ታይቶ ይገኛልና።

እኛ የለመድነው ሩጫን ነው። በሩጫ ቀድሞ የገባ ቀደመ፤ ክርክር የለም። ፊገር ስኬቲንግ በሚባለው በዚህ ውድድር ግን ተወዳዳሪው ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርጎ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፣ ይዘላል፣ በአየር ላይ ተሽከርክሮ ያርፋል፤ ይህንንም ሁሉ ከሙዚቃው ጋር አስማምቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። ማን እንደበለጠ የሚናገር ሰዓት የለም፤ የሚናገሩት ዳር ላይ የተቀመጡ ዳኞች ናቸው። ነገሩን እኛ መምህራን በደንብ እናውቀዋለን። ሒሳብ የሚያርምና ድርሰት የሚያርም መምህር አንድ አይደሉም። ሒሳቡ ወይ ልክ ነው ወይ ስህተት። ድርሰት ላይ ግን አንዱ መምህር 8 ሲሰጥ ሌላው 6 ቢሰጥ ሁለቱም ሐቀኞች ሊሆኑ ይችላሉ። መከራው እዚህ ላይ ነው፤ ሐቀኞች ሊለያዩ በሚችሉበት ቦታ ሁሉ ሐቀኛ ያልሆነውም መደበቂያ ያገኛል።

ጭቅጭቁ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በኦስሎ በተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ኖርዌያውያን ነበሩ። ሦስቱም ለአገራቸው ልጅ ለሶንያ ሄኒ ፈረዱ፤ የቀሩት ሁለቱ ለኦስትሪያዊቷ ለሄርማ ሳቦ። ሄኒ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ምናልባት በእርግጥም በልጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ 3 ለ 2 የሚለው ቁጥር እስካሁን ከድሏ ጎን ይነሳል። ከዚያ በኋላ በአንድ ውድድር ላይ ከአንድ አገር ከአንድ በላይ ዳኛ እንዳይቀመጥ ተደነገገ።

ልብ በሉ፤ ከአንድ በላይ እንዳይቀመጥ ነው የተባለው እንጂ አንዱስ ይቀመጣል። ፊቅህ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት አባት ለልጁ የሚሰጠውን ምስክርነት አይቀበሉም። አባት ሁሉ ውሸታም ስለሆነ ነውን? አይደለም። ፍቅር ዓይንን ሊጋርድ ስለሚችል ነው፤ ደግሞም አባትየው እውነቱን ቢናገር እንኳ ሰሚው ስለሚጠረጥረው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የሚያንስ አይመስለኝም። ፍርድ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የተፈረደበት ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ አምኖ መሄድ አለበት።

ነገሩ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2002 በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ነው። በጥንዶች ውድድር ሩሲያውያኑ ኤሌና ቤሬዥናያና አንቶን ሲካሩሊድዜ ከካናዳውያኑ ከጄሚ ሳሌና ከዴቪድ ፔልቲዬ ጋር ለወርቅ ተፋጠጡ። ሲካሩሊድዜ ከአንድ ዝላይ ሲያርፍ ሚዛኑን ስቶ ተንገዳገደ። ካናዳውያኑ ያለ ስህተት ጨረሱ፤ ሕዝቡም ቆሞ አጨበጨበ። ውጤቱ ሲነገር ግን ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ለሩሲያ፣ አራቱ ለካናዳ ነበሩ። ለሩሲያ የፈረዱት የሩሲያ፣ የቻይና፣ የፖላንድ፣ የዩክሬንና የፈረንሳይ ዳኞች ናቸው፤ ለካናዳ የፈረዱት የካናዳ፣ የአሜሪካ፣ የጀርመንና የጃፓን። ስፖርቱን የማያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር አይቶ የቀዝቃዛው ጦርነት ካርታ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ከዚያም ፈረንሳዊቷ ዳኛ ማሪ ሬን ለ ጉኝ ለሩሲያ እንድትፈርድ ከአገሯ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ከዲዲዬ ጋያጌ ግፊት ተደርጎብኛል አለች ተባለ። በምትኩ በሌላው ውድድር፣ በበረዶ ላይ ዳንስ፣ ለፈረንሳይ ጥንዶች ድምፅ ይሰጣል የሚል ስምምነት አለ ተብሎ ተወራ። ጋያጌ ካደ። እሷም ጥቂት ቆይታ ቃሏን መልሳ፣ ሩሲያውያኑን የመረጥኩት በእርግጥ የተሻሉ ስለመሰሉኝ ነው አለች። ሁለቱም ለሦስት ዓመት ታገዱ፤ ከ2006ቱ ኦሊምፒክም ተከለከሉ።

ውድ አንባቢ! እስቲ ይህችን ሴት አንድ ጊዜ እናስባት። የመጨረሻ ቃሏን እንመንላትና፣ ግፊት ተደርጎባታል፣ እሷ ግን በራሷ ዓይን ሩሲያውያኑ በልጠው ታይተዋታል እንበል። ይህም የማይሆን ነገር አይደለም፤ የሩሲያውያኑ አቀራረብ ይበልጥ ነበር ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። እንግዲያውስ የሰጠችው ፍርድ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ቃሉ እውነት ነው፣ መንገዱ ግን ተበላሽቷል። የፊቅህ ሊቃውንት ቃዲ ከተሟጋች ገንዘብ ተቀብሎ በሐቅ ቢፈርድ እንኳ የተቀበለው ሐራም ነው የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ፍርዱ ልክ ሆኖ ሳለ የጠፋው ምንድን ነው? የጠፋው እሷ ራሷ ማወቋ ነው። ግፊቱ ከተነገራት ጀምሮ «ይህን የምለው ስላየሁት ነው ወይስ ስለታዘዝኩ?» ብላ ራሷን ብትጠይቅ እርግጠኛ መልስ የምታገኝ አይመስለኝም። ዳኛን የሚገፋ ሰው የሚሰርቀው ሜዳሊያውን ብቻ አይደለም፤ የዳኛውን ዓይን ጭምር ነው።

ሌላም የተረሳ ወገን አለ። ከውድድሩ አራት ቀን ሳይዘልቅ ለካናዳውያኑ ሁለተኛ ወርቅ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሩሲያውያኑም የያዙትን ያዙ። ዓለም ፍትህ ተደረገ ብሎ ደስ አለው። እኔ ግን እዚህ ላይ ልቤ አይረጋም። ካናዳውያኑ ተበድለው ከሆነ መካሳቸው ተገቢ ነው። ሁለቱ ሩሲያውያን ወጣቶች ግን ምን አጠፉ? ከዳኛ ጋር ተማከሩ ያለ የለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የለፉበት ወርቅ በአንገታቸው ላይ እንዳለ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ካሣው ለአንዱ ወገን ሲከፈል ወጪው ከማን ኪስ እንደወጣ የጠየቀ ጥቂት ነው። የአሜሪካ ጋዜጦችና ያ ያጨበጨበ ሕዝብ ባይኖሩ ኖሮ ውሳኔው በአራት ቀን ይደርስ ነበርን? ጭብጨባም እኮ አገር አለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ከ6.0 የሚሰጠውን የድሮ ነጥብ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጸደቀው አዲስ ሥርዓት እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት አስቀድሞ የተተመነ ዋጋ አለው፤ የተደረገው ምን እንደሆነ ባለሙያዎች በቪዲዮ ደግመው አይተው ይለያሉ፤ ዳኞች በጥራቱ ላይ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ከሰጡትም ነጥብ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣላል። ይህ መልካም ነው፤ ድርሰቱን ትንሽ ወደ ሒሳብ አቅርቦታል። ሁለተኛው ግን የዳኞቹን ስም መሸፈን ነበር። እነማን እንደተቀመጡ ይታወቃል፤ የትኛው ነጥብ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ዳኛን የሚያስፈራራው የላከው ፌዴሬሽን ነው። ፌዴሬሽኑ ዳኛው ምን እንደሰጠ ካላወቀ ታዘዘ አልታዘዘ ሊል አይችልም፤ ድምፅ የሚገዛም ሰው የገዛውን ሳያይ አይከፍልም ተባለ። ነገር ግን አስተውሉ፤ እኛ በፈተና የምንሸፍነው የተማሪውን ስም ነው፣ አራሚው እንዳያዳላ። በስኬቲንግ ተወዳዳሪውን መሸፈን አይቻልም፤ ስለዚህ አራሚውን ሸፈኑት። ከአለቃው የጋረደው መጋረጃ ከኀፍረትም ጋረደው። ኤሪክ ዚትዘዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ተወዳዳሪዎች የአገራቸው ዳኛ ሲኖርና ሳይኖር የሚያገኙትን ነጥብ አነጻጽሮ ነበር። ስም ከተሸፈነ በኋላ ለአገር ልጅ የሚደረገው አድልዎ እንደመቀነስ ትንሽ ጨምሮ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በሶቺ የሆነውም የዚሁ ፍሬ ነው። ሩሲያዊቷ አዴሊና ሶትኒኮቫ 224.59 አግኝታ ኮሪያዊቷን ዩና ኪምን በ219.11 በለጠች። በመጨረሻው ቀን ሶትኒኮቫ ሰባት፣ ኪም ስድስት የሦስት ዙር ዝላይ አድርገዋል፤ ስለዚህ ድሉን የሚያስረዳ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ነገር ግን ከዳኞቹ አንዱ ከ1998ቱ የናጋኖ ኦሊምፒክ ጋር በተያያዘ ጥፋት ለአንድ ዓመት ታግዶ የነበረ ነው፤ ሌላዋ የሩሲያ ፌዴሬሽን ከፍተኛ ባለሥልጣን ባለቤት ነበረች። እነዚህ ሰዎች አጥፍተዋል ማለት አይቻልም። አላጠፉም ማለትም አይቻልም፤ ነጥባቸው ተሸፍኗልና። ንጹሕ ከሆኑ ንጽሕናቸውን የሚያሳዩበት መንገድ አልነበራቸውም። የኮሪያም አቤቱታ ውድቅ ሆነ።

ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 መጋረጃውን አነሳ። በ2018 ከፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ በኋላ ሁለት የቻይና ዳኞች ለአገራቸው ልጆች አድልተዋል ተብለው አንዱ ለአንድ ዓመት፣ ሌላው ለሁለት ዓመት ታገዱ፤ በ2022 በራሳቸው አገር በቤጂንግ በተደረገው ኦሊምፒክም እንዳይዳኙ ተከለከሉ። ነጥባቸው ከስማቸው ጎን ተጽፎ ባይሆን ኖሮ ማን ከማን ጋር ያነጻጽረው ነበር?

ታዲያ ይታይ ነው መልሱ? እኔ ወደዚያ አዘነብላለሁ። ሆኖም ለ ጉኝ በፈረደችበት ዘመን የዳኛ ስም የተገለጠ ነበር፤ መገለጡ አላዳናትም። ለሕዝብ የታየ ዳኛ ለአለቃውም ይታያል። መጋረጃው ቢወርድም ቢነሳም ዳኛውን የሚያቀርበው ያው ፌዴሬሽን ነው፤ ተወዳዳሪውንም የሚልከው እሱ ነው። ከ1927ቱ ውድድር በኋላ ደንቡን ያወጡት አባቶች ሦስት ሆነው እንዳይቀመጡ ከለከሉ፤ አንዱን አልነኩትም። እስከ ዛሬም የአገሩ ልጅ ወደ በረዶው ስትወጣ ዳኛው ከወንበሩ አይነሳም።