ድግሱ የት ያልቃል?

አንድ ኮንሰርት አካባቢን ጎዳ ወይም አልጎዳም የምንለው ምኑን ቆጥረን ነው? መድረኩን? መብራቱን? ዘፋኙን ያመጣውን አውሮፕላን? ወይስ ከሰበታ ተሳፍሮ የመጣውን ልጅና በታክሲው መስኮት የወረወረውን ሃይላንድም ይጨምራል? ጥያቄው የሂሳብ ይመስላል። እኔ ግን ከሂሳቡ በፊት የሚመጣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

ለምን እንደሆነ በሙያዬ ላስረዳ። ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። እኛ ጋ አንድ ሲስተም ከመሠራቱ በፊት ወሰኑ ይሰመራል፤ ይሄ የኛ ኃላፊነት ነው፣ ያ ደግሞ አይመለከተንም ይባላል። ወሰኑን ባጠበብነው ቁጥር ሲስተማችን ጎበዝ ይመስላል። ብልሽቱ ሁሉ ከመስመሩ ማዶ ይቀርና "የሌላ ሰው ችግር" ተብሎ ይታለፋል። ሪፖርቱ ላይ ውሸት የለም እኮ! ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው። ችግሩ ያለው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ላይ ነው።

በሙዚቃው ዓለም ይህ በግልጽ ይታያል። ኮልድፕሌይ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አካባቢን የማይጎዳ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ በዓለም እየዞረ ኮንሰርት እንደማያቀርብ አሳወቀ። በኋላ ሲመለስ ሰው ሲጨፍርበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ወለልና የሚጋለብ ብስክሌት ይዞ መጣ። በ2024 ደግሞ ቀጥተኛ የካርቦን ልቀቱን ከ2016–17 ጉዞው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ኮንሰርት በአማካይ በ59 በመቶ መቀነሱን ገለጸ። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባል። ግን ቁጥሩ የሚለካው ባንዱ ራሱ የሚያዝበትን ነገር ነው። ስቴዲየሙን የሞላው ሕዝብ በመኪናና በአውሮፕላን ያደረገው ጉዞ ውስጡ የለም። ሬዲዮሄድ የተባለው ሌላ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ባስጠናው ጥናት ትልቁ ድርሻ የተገኘው ደግሞ እዚያው፣ የተመልካቹ ጉዞ ላይ ነበር።

መስመሩን ወደ ውጭ የገፉም አሉ። ማሲቭ አታክ የተባለው ባንድ በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) በትውልድ ከተማው በብሪስቶል ባቀረበው ኮንሰርት ትኬቱን ቀድሞ ለአካባቢው ነዋሪ ሸጠ፤ ሰው በመኪና እንዳይመጣ ማታ ተጨማሪ ባቡር እንዲመደብ አደረገ፤ መድረኩንም በባትሪ አስነሳ። ማለትም "ሰው እንዴት መጣ፣ እንዴትስ ተመለሰ?" የሚለውን የራሱ ጉዳይ አደረገው። ልዩነቱ የቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። ኃላፊነቱ እስከ የት ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ ነው።

ወደኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ያስገርማል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጊቤ፣ በለስ፣ አሁን ደግሞ ሕዳሴ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በመስመር መብራት የሚሠራ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ኮንሰርት ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ሊቀኑበት የሚገባ ነበር። ነገር ግን መብራት መሃል ላይ ቢሄድስ ተብሎ ይፈራል። ከመድረኩ ጀርባ ትልቅ ጄኔሬተር ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ከጅምሩ በእሱ ይሠራል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በዚያ ላይ ጄኔሬተሩ የሚመረጠው ቤዙ ድም ለሚልባት ቅጽበት ስለሆነ የቀረውን ሰዓት ከአቅሙ በታች እየሠራ ነዳጅ ያባክናል። መፍትሔው የተራቀቀ አይደለም፤ ኮንሰርት በሚበዛባቸው ቦታዎች የሚታመን መስመር መዘርጋትና ለዚያች ቅጽበት ባትሪ ማስቀመጥ ነው። እስከዚያው ጭሱን በብዛት የሚተነፍሰው ማነው? ትኬት የቆረጠው ሳይሆን ጄኔሬተሩ የቆመበት ጓሮ ጎረቤት ነው። እሱ ደግሞ ከመስመሩ ውጭ ነው።

ይህ "ከመስመሩ ውጭ" የሚባለው ቦታ ለእኔ ስም አለው። ጋሸና ይባላል። ያደግኩት እዚያ ነው። ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ላሊበላ መታጠፊያው ጋ ያለች ነፋሻማ የደጋ ከተማ ናት። ከእሷ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ገና ሲደርስ ከጎንደርም ከደሴም በኩል በመኪና የሚመጣው ሰው በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ወደ ጋሸና የሚመጣ የለም፤ በጋሸና ያልፋል እንጂ። ቅጥቅጡ ይቆማል፣ ረዳቱ "አሥር ደቂቃ!" ብሎ ይጮሃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሃይላንድና ብስኩት ይገዛል፣ ከዚያ መኪናው ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። በዓሉ አልፎ ነፋሱ ሲነሳ ፌስታሉ ገብስ ማሳ ላይ ያርፋል። ከብት ይበላዋል። ፌስታል የበላ ከብት ሆዱ ይደፈናል፤ ለገበሬ ደግሞ በሬ ማለት ማረሻውም ባንኩም ነው።

የላሊበላን ገና ከኮንሰርት ጋር አንድ ላይ ማንሳቴ የሚከነክናችሁ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ አንድ አይደሉም። ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ገሚሱ ከዓለቱ አናት ገሚሱ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ማንም "ሾው" ሊያይ አልመጣም። ያ ጸሎት ነው። ለመንገዱ ግን ልዩነት የለውም። ሕዝብ ለአንድ ዜማ ሲል ከሩቅ ተነስቶ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ውሃ ይጠማዋል፣ ይርበዋል፣ ዕቃ ይጥላል። ጠርሙሱ የተጠጣው በጾም ይሁን በጭፈራ፣ በሬው አይለይም።

አንድ ጊዜ ይህንኑ ነገር መንገድ ዳር ሻይና ውሃ ለሚሸጡ የሰፈራችን እናት አነሳሁባቸው። ፕላስቲኩ ቢቀንስ ጥሩ ነበር ማለቴ ነው። አዩኝና "የኔ ልጅ፣ ሃይላንዱን ባልሸጥ ልጆቼን ምን አበላለሁ? እንግዳውስ ሲጠማው ዝም ልበለው? ይልቅ ጠጥቶ ሲጨርስ ባዶውን የሚወስድልኝ ሰው አምጣልኝ" አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ የምህንድስና ጥያቄ ዩኒቨርሲቲም አልተጠየቅኩም። እሳቸው ድግሱ ይቅር አላሉም። ባዶው የማን ነው ነው ያሉት።

ደግሞ መልሱን አገራችን ድሮ ታውቀዋለች። ለስላሳና ቢራ በመስታወት ጠርሙስ ሲሸጥ ባዶ ጠርሙስ ያልያዘ ሰው መያዣ ይጠየቃል። የሞላውን ሳጥን ያመጣው መኪና ባዶውን ጭኖ ይመለሳል። ይህ ሥርዓት የትም ገጠር ድረስ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ማንም "አረንጓዴ" ብሎ አልጠራውም፣ ዘመቻም አላስፈለገውም። የመስታወቱ ጠርሙስ ባለቤት አለው፣ ስለዚህ ይመለሳል። የፕላስቲኩ ጠርሙስ ግን ከፋብሪካው በር ሲወጣ ባለቤት አልባ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ቢያንስ ቆራሌው ይፈልገዋል። ጋሸና ላይ ግን ባዶ ፕላስቲክ ከክብደቱ ይልቅ ቦታ ስለሚይዝ የትራንስፖርቱ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትና ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ስስ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ጠንከር ብሏል፤ አምራችንም ይነካል፣ ፌስታል ይዞ የተገኘውንም ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ጥሩ ነው። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። መንገድ ዳር በቀላሉ የሚገኘው ማነው? እኚያው እናት ናቸው። ቅጣት ሁልጊዜ ቅርብ የቆመውን ሰው ይቀድማል።

እንዲህ ሲባል "ሰው ስንት መከራ ባሳለፈበት አገር አንተ ስለ ፌስታል ታወራለህ?" የሚል አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም. ጋሸና ላይ ከባድ ውጊያ ነበር፤ ላሊበላም ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች። ጥያቄውን አልንቀውም። ካርቦንን በተመለከተ ደግሞ እውነት አለው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ዓመታዊ ልቀት ከዓለም አማካይ ከ20 አንዱን እንኳ አይሞላም። በእግሩ ቀናት ተጉዞ፣ በሶውን በአገልግል ይዞ ላሊበላ የሚገባውን ምዕመን ስለ ካርቦን የሚገሥጽ ካለ ዓይኑን በጨው ይጠብ። ግን በሬው የሞተበት ገበሬ ስለ ዓለም ሙቀት አይደለም የሚያወራው። መከራ ያሳለፈ ሰው በሬውን ለሌላ ሰው ድግስ እንዲከፍል መጠየቁ ነው ቅንጦቱ።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። ድህነትን ንጽሕና ነው ብዬ ማሞገስ አልፈልግም። ድሮ ሁሉም በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ጉልበታቸው የደከመ አሮጊት ግን ስለማይችሉ ይቀሩ ነበር። ዛሬ ቅጥቅጥ ተሳፍረው ላሊበላን መሳለማቸው ደስ ይለኛል። ፕላስቲክ ጀሪካንም ሴቶችን ከከባዱ እንስራ ገላግሏል። ስለዚህ ጥያቄው ከድሮው ውስጥ የቱ ችግር ነበር፣ የቱስ ብልሃት ነበር የሚለው ነው።

ብልሃቱን ማየት የሚፈልግ ነሐሴ 16 ላስታ ይምጣ። አሸንድዬ ነው። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይሉታል። ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ወገባቸው ላይ በዓሉ ስሙን ያገኘበትን ረጅም ሣር ያስራሉ። ለቀናት የሚቆይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው፤ ኃይሉ ጉሮሮና ከበሮ፣ ጌጡ ሣር። ሲያልቅ ሣሩ ይደርቃል፣ አፈር ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ዘፈኑ ነው ወደ ሰው የሚሄደው። ዛሬ የሙዚቃ ኢንዱስትሪው ትልቁ ራስ ምታት የተመልካቹ ጉዞ ነው፤ አሸንድዬ ላይ ተመልካቹ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያንኑ በዓል ወደ ስቴዲየም ወስደን፣ በፕላስቲክ ባነር አጥረን፣ ቲሸርት አትመን፣ ጄኔሬተር ስናቆምለት "አሳደግነው" እንላለን። ምናልባት አሳድገነው ይሆናል። ግን ያወቀውን ነገር አስረስተነዋል።

ላሊበላም ያላት ነገር አለ። በገና የከተማዋ ሰዎች የእንግዳ እግር ያጥባሉ። ይህን ልማድ ብዙ ጊዜ እንደ ትሕትና ብቻ ነው የምናየው። እኔ መስመር የማስመር ጉዳይም ሆኖ ይታየኛል። እግር የሚያጥብ ሰው "በዓሉ ከደጄ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ አያገባኝም" አላለም። እንግዳው በመንገድ ያነሳውን አቧራ የራሱ ጉዳይ አድርጎታል። አስተናጋጁ መንገዱን በበዓሉ ውስጥ አስገብቶታል ማለት ነው። እንግዳውስ? በምላሹ ያለፈበትን መንገድ እንዲሁ የራሱ ቢያደርግ ምን ይቸግረዋል?

እዚህ ላይ ሥራው ይጀምራል፤ ሥራው ደግሞ ተራ ነው። በገና ሰሞን ጋሸና ላይ ሰው የራሱን ኮዳና ጀሪካን የሚሞላበት የንጹህ ውሃ ታንከር ማቆም። ሃይላንድ ላይ መያዣ ጨምሮ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን መስጠት። የሞላውን ያመጣ መኪና ባዶውን ይዞ እንዲወርድ ማድረግ። ወጪው ከውሃው ዋጋና ከመጓጓዣው ላይ ይምጣ፣ ከእኚያ እናት ኪስ አይምጣ። እንግሊዝ አገር ግላስተንበሪ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2019 ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ መሸጥ ሲያቆም የውሃ መሙያ ቧንቧዎች አዘጋጅቶ ነበር። መጀመሪያ ቧንቧው፣ ከዚያ ክልከላው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ክልከላውን እናስቀድምና ለበዓል ሁለት ቀን ሲቀረው የጽዳት ዘመቻ እንጠራለን። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ።

አዲስ አበባ ላሉ የኮንሰርት አዘጋጆችም የምለው ያው ነው። ፖስተራችሁ ላይ ቅጠል ሥላችሁ "አረንጓዴ" ከማለታችሁ በፊት መስመራችሁን አሳዩን። ጄኔሬተሩ የት ቆመ? ሰው በሌሊት በምን ይመለሳል? ባዶው ጠርሙስ ጠዋት የማን ነው? እኛ ትኬት ቆራጮችም እንጠይቅ። መልስ ካላገኘን፣ ሂሳቡን የሚከፍል አንድ ሰፈር ወይም አንዲት የመንገድ ከተማ የሆነ ቦታ አለች ማለት ነው፤ ድግሱም እዚያ ገና አላለቀም።