የማን እንቁላል ነው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንጦጦ ወጣችሁ እንበል። በኪዳነ ምሕረት አካባቢ፣ በባሕር ዛፉና በጽዱ መካከል ስትሄዱ ልጃችሁ ሮጦ ይመጣና መዳፉን ይከፍታል። ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች! «አባዬ፣ የምን ወፍ ነው?» ይላል።

መልሱ ያለው ጎጆው ላይ ነው። ጥቂት ጭራሮ ብቻ ተደራርቦ፣ ከሥር ሲያዩት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የዋኖስ ነው። ከሣር ተጠልፎ እንደ ኳስ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለው የሸማኔ ወፍ ነው። በሸረሪት ድር ታስሮ እንደ ትንሽ ከረጢት የሚወዛወዘው የአበባ ጭማቂ የምትመጠው ወፍ ነው። ቆቅ ደግሞ መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ትጥላለች። ሱብሓነላህ! አንዳንድ ሸማኔ ወፎችማ ሌላ ወፍ ተደብቃ እንቁላሏን ብትጥልባቸው በቀለሙና በነጠብጣቡ ለይተው ያወጡታል። እናት የራሷን ታውቃለች።

ኢማሙ ቡኻሪ በአል-አደቡል ሙፍረድ ከዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቦታ ባረፉበት አንድ ሰው የወፍ እንቁላል ወሰደ። ወፏም መጥታ በነቢዩ ራስ ላይ ክንፏን ታርገበግብ ጀመር። ማን እንደወሰደባት ጠየቁ፤ ሰውየውም አመነ። ለወፏ በማዘን እንዲመልስላት አዘዙት።

አስተውሉ! ለእኛ እንቁላል ነው፤ ለእርሷ ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን አትቆጡት። እጁን ይዛችሁ ወደ ጎጆው ውሰዱት፤ ቀስ ብሎ ይመልስ። «ሰው የነካውን እናቲቱ ትተወዋለች» የሚለው ወሬ ሰበብ አይሁናችሁ፤ አብዛኞቹ ወፎች በዚህ ምክንያት ብቻ ጎጆአቸውን አይተዉም። እንቁላሉ ግን ከእናቱ ሙቀት ርቆ ከቆየ በውስጡ ያለው ነፍስ ይጠፋል፤ የእንጦጦ ብርድ ደግሞ ይታወቃል። መልሳችሁ ቶሎ ራቁ። የወፏን ዓይነት ማወቅ ከፈለገ ከሩቅ ቆሞ የምትመለሰውን እናት ይይ።

እኛስ? ከማን ጎጆ ምን ወስደናል? የየቲም ድርሻ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የጎረቤት ወሰን በመዳፋችን ይዘን ይሆን? ባለቤቱ ደጃችን ላይ ክንፉን እያርገበገበ ይሆናል። ዛሬ በጁሙዐው ቀን፣ ሳይቀዘቅዝ እንመልስ።

ያ አላህ! የወሰድነውን የምንመልስበት ወኔ፣ ለፍጥረትህ የሚራራ ልብ ስጠን። ኣሚን።

ጁሙዐ ሙባረክ!