ስለ አንድ ገበታና ስለ ሁለት ልብ

ከባልና ከሚስት አንዱ ቢታመም፥ ሐኪምም ጨውና ቅቤ እንዲቀንስ ቢያዝዘው፥ ጤነኛው ስለ ታመመው ብሎ ከሚወደው ምግብ ሊለይ ይገባዋልን? ወይስ ደዌው የአንዱ እንደ ሆነ ክልከላውም የአንዱ ብቻ ይሁን? ጥያቄው ሲሰሙት የማድ ቤት ነገር ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ፍቅርም፥ ፍርድም፥ እውነትና ሐሰትም በውስጡ ተሰውረው ይገኛሉ። የትዳር ነገር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በታላቅ መከራ ሳይሆን በየቀኑ በሚመላለስ ጥቂት ነገር ነውና፥ ሊቃውንት ቢመራመሩበት አያንስባቸውም።

ነገሩ በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃ ሰፈር በሚኖሩ ባልና ሚስት ላይ እንደ ደረሰ ሆኖ ይታሰብ። ባልየው ዕድሜው ከ50 ያለፈ፥ በየማለዳው ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ማታ የሚመለስ ሰው ነው፤ ሚስቲቱም ቤቷን የምታስተዳድር ባለሙያ ናት። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ የሚገኝ ሞቅ ያለ አገር ነው። ከብርድ ወደ ሙቀት፥ ከሙቀት ወደ ብርድ ሲመላለስ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ትኩስና ቅቤ የበዛበት ወጥ ቢሻ አይፈረድበትም። ሐኪሙ ግን የደም ግፊቱን ለክቶ ከፍ ብሎ ስላገኘው፥ ኪኒን ከሰጠው በኋላ፥ «ጨው ይቀንሱ፤ ቅቤና ጮማ ይቀንሱ፤ ጎመንና ጥራጥሬ ያብዙ፤ በእግርዎ ይጓዙ» ብሎ አሰናበተው። ባልየውም ወደ ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ቃል ለሚስቱ ነገራት። ምክሩ የተነገረው ለእርሱ ነው፤ የሚፈጸመው ግን በእርሷ እጅ ነው። ክርክሩም ከዚህ ይጀምራል።

የሰፈሩ ስም ለቅኔ ሰው ሰምና ወርቅ ይሆንለታል። ሰሙ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ነው፤ ወርቁ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ አካላት ሁሉ የሚደርስበት የደም ሥር ነው። ጨው ሲበዛ በሰውነት ውስጥ ውሃን ይዞ ያስቀራል፤ በሥሩ የሚሄደውም ፈሳሽ በዝቶ ግድግዳውን ይገፋል፤ ልብም ያን ግፊት ለማሸነፍ ሲደክም ጡንቻው እየወፈረ ይሄዳል። በቅቤና በጮማ፥ እንዲሁም በሚረጋው የፓልም ዘይት የሚገኘው ስብ ደግሞ ኮሌስትሮል የሚባለውን ነገር በደም ውስጥ ያበዛል፤ እርሱም ከዘመን ብዛት በሥሩ ግድግዳ ላይ እየተከማቸ መንገዱን ያጠብባል። ቧንቧ ቢጠብብና ግፊቱ ቢበረታ ምን እንደሚሆን ለሰፈሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን የውሃው ቧንቧ ሲፈነዳ ድምፅ አለው፤ የደም ግፊት ግን ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ኖሮ አንድ ቀን በአንጎል ወይም በልብ ወይም በኵላሊት ላይ ይገለጣል። ስለዚህ ባልየው «እኔን ምንም አላመመኝም» ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ ቃሉ ግን ለጤንነቱ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ጨው በዚህ አገር ለምን እንዲህ ከበረ ቢባል ምክንያት አለው። በቀድሞ ዘመን ከአፋር በረሓ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በብዙ ድካም ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ አሞሌውም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ለእንግዳ ወጡን ጨው አብዝቶ ማጣፈጥ ከሀብት ከፍሎ እንደ መስጠት ነበረ። ዛሬ ጨው ከሰኞ ገበያም ሆነ ከየሱቁ በርካሽ ይገዛል፤ ውድነቱ ቀርቶ ክብሩ በምላስ ላይ ቀርቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት የአንድ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8 ግራም ገደማ፥ የደም ግፊት ያለባቸውም ሰዎች ከመቶ 16 ያህል ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም የሻይ ማንኪያ ሙሉ አይደርስም። ብዙ ሰው ጨው ማለት በድስቱ ላይ የሚበተነው ብቻ ይመስለዋል፤ ከበርበሬውና ከሚጥሚጣው ጋር አብሮ የተፈጨውን ማንም አይቈጥረውም። ባለሙያዋ በርበሬ በምታዘጋጅበት ቀን የብዙ ወር ጨው ትወስናለች ማለት ነው። (አዮዲን ያለበትን ጨው ፈጽሞ ማስወገድ ግን አይገባም፤ በደጋው አገር እንቅርት የሚያወጣው አዮዲን ማጣት ነውና። መቀነስ ሌላ፥ መተው ሌላ።)

የቅቤው ነገር ከጨው ይልቅ የጠለቀ ነው፤ ቅቤ በአገሩ ልማድ የፍቅር መስፈሪያ ሆኗልና። ሚስት ለባሏ ወጡን ቅቤ ስታጠግብለት «እወድሃለሁ» ማለቷ ነው፤ ያለ ቅቤ ብታቀርብለት ተቀይማለች ወይም ቤቱ ጐድሎበታል ይባላል። እንኪያስ ሐኪሙ «ቅቤ ይቀንሱ» ባለ ጊዜ ለእርሷ የተነገራት የምግብ ነገር ብቻ አይደለም፤ 30 ዓመት ፍቅሯን ስትናገርበት የኖረችውን ቋንቋ እንድትተው ታዘዘች። በዚህ ብታዝን፥ እንዲያውም ብትቈጣ፥ አላዋቂነት ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ከንግግር የሚከለከል ሰው ሌላ ቋንቋ እስኪያገኝ ድረስ ይጨነቃል።

ለዚህ ነገር ሰዎች የሚሰጡት መልስ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ «ሁለት ድስት ይጣድ፤ ለእርሱ አልጫ፥ ለእርሷ እንደ ለመደችው» ይላል። ይህ ለሁለቱም ያደላ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከሰሉ ሁለት እጥፍ፥ ድካሙም ሁለት እጥፍ ሆኖ የሚወድቀው በአንዲቱ ላይ ነው። ደግሞም ባልየው በራሱ ቤት እንደ እንግዳ ለብቻው ሲቀርብለት፥ ጉርሻ ሲቀርበት፥ የሚስቱም ወጥ በፊቱ ሲሸተው፥ ክልከላው ቅጣት ይሆንበታል፤ ቅጣትን ደግሞ ሰው ማምለጥ ይወዳል። ሌላው «ድስቱ አንድ ይሁን፤ የታመመው ጥቂት ይብላ» ይላል። ይህስ ጨርሶ አይሆንም። ጮማን ከጐን መለየት ይቻላል፤ በወጥ የሟሟ ጨው ግን ይህ የባል፥ ይህ የሚስት ተብሎ አይከፈልም።

የቀረው መልስ ሁለቱ በአንድነት እንዲለወጡ ነው። በዚህ ላይ የሚነሣው ክርክር ብርቱ ነው፤ «ያልታመመች ሴት ስለምን ትከለከላለች? አንዱ አካል የታመመ እንደ ሆነ ጤነኛውም መድኃኒቱን ይጠጣልን?» ይባላል። መልሱ ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው፥ «ጤነኛ» የተባለችው ገና ያልተለካች ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ 30 ዓመት ከአንድ መሶብ የበላች ሴት ያው ጨውና ያው ቅቤ በእርሷም ሥር አልፏል። ሁለተኛው ከፍ ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ስለ መብል ሲያስተምራቸው፥ መብሉ በራሱ ነውር ባይኖርበትም ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ ራሱ ሥጋን እንደሚተው ነግሯቸዋል። ሊበላ ሥልጣን ሳለው ስለ ሌላው መተው የነጻ ሰው ሥራ ነው፤ ሥልጣን የሌለው ቢተው ምን ምስጋና አለው? ስለዚህ የሚስቲቱ መተው ዕዳ ሊባል አይገባም። ስጦታ ነው፤ ስጦታም ስለ ሆነ ባልየው አስገድዶ ሊቀበለው አይችልም።

እዚህ ላይ ሐዋርያው በዚያው መልእክት የጻፈው ሌላ ነገር ይጠቅማል። ባልና ሚስት ስለ ጸሎት ብለው ከመኝታ ቢለያዩ እንኳ በስምምነትና ለጊዜው እንዲሆን አዝዟል። በትዳር ውስጥ መከልከል የአንዱ ትእዛዝ አይደለም ማለት ነው። ስለ መኝታ እንዲህ ከሆነ ስለ ገበታስ እንዴት አይሆንም? ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡን መብል ትቶ ጥራጥሬ ሊበላ በወደደ ጊዜ ብቻውን አልነበረም፤ ሦስቱ ወጣቶች አብረውት ነበሩ። የተቈጣጣሪውንም ሰው አላታለለውም፤ 10 ቀን እንዲፈትናቸው ለመነው፥ ከዚያ በኋላ ዓይቶ እንዲፈርድ ነገረው። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዳሽ የተባለው የሐኪሞች ጥናት በታተመ ጊዜም፥ አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፥ ስቡም ያነሰ ምግብ የደም ግፊትን በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝቅ ማድረግ እንደሚጀምር ታይቷል። ስለዚህ ባልየው «ከእንግዲህ ወዲያ ቅቤ በዚህ ቤት አይግባ» ከማለት ይልቅ «እስከሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ ድረስ እንሞክረው፤ ያን ጊዜ ተለክቼ አብረን እንየው» ቢላት፥ ነገሩ ከትእዛዝ ወደ ምክር ይለወጣል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የምሥጢር ነገር ነው። ብልኅ ሚስት ባሏ እንዳይከፋው ብላ ሳትነግረው ጨውን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ብትቀንስ፥ ይህ ማታለል ነውን? ምላስ ልማደኛ ነውና ቀስ በቀስ ሲቀነስበት ሳያስተውል ይለምዳል፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ድሮ የጣፈጠው ወጥ ጨው በዝቶበት ያገኘዋል። ሥራዋ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ባልየው «ጨው ረስተሻል?» ብሎ በጠየቃት ጊዜ «አልረሳሁም፤ ምላስህ ነው» ብትለው፥ ያን ጊዜ ከዝምታ ወደ ሐሰት ተሻገረች። ያልጠየቀውን አለመንገር የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ የጠየቀውን መካድ ግን የሚፈቀድበት ጊዜ የለም፤ ልቡን አድና እምነቱን ታሳጣዋለችና። በዚያው ላይ የተታለለ ሰው የተለወጠው በቤቱ ብቻ ነው፤ ከቤት ሲወጣ የሚጠብቀው ነገር የለውም።

የባልየው ምሥጢር ግን ከዚህ ይብሳል። ማታ በደሴ ጎመንና ምስር በልቶ ሚስቱን ሲያመሰግን፥ ቀን በኮምቦልቻ ሥጋ ቤት ጥብስና ቍርጥ በሚጥሚጣ ሲበላ የሚውል ከሆነ፥ እርሷ ስለ እርሱ የተወችውን እርሱ ራሱ አልተወውም። በሥሩ ላይ ያደረሰው ጉዳት ለራሱ ነው ይባል፤ የሚስቱን ስጦታ በከንቱ ማስቀረቱ ግን ግፍ ነው። አንድ ቀን ቢሳሳት ነግሯት ይለፍ፤ ስሕተትስ በሰው ሁሉ አለ።

ስለ ጾም መናገርም ግድ ነው፤ የክርስቲያን ቤት በዓመት 180 ቀን ያህል፥ ካህናትም እስከ 250 ቀን ድረስ ከሥጋና ከቅቤ ሲለይ ኖሯልና። ባልና ሚስት አብረው አንድ መብል መተውን ከማንም መማር አያስፈልጋቸውም ማለት ነው። ዳሩ ግን ጾም ቅቤን ይከለክላል እንጂ ጨውንና ዘይትን አይከለክልም፤ በሚረጋ ዘይት ተጠብሶ ጨው የበዛበት ምግብ የጾም ነው ቢባልም ለልብ የሚራራ አይደለም። የ55ቱ ቀን ጾም በተፈታ ማግሥትም ያን ሁሉ ቀን የቀረውን በአንድ ሳምንት ለመበቀል የሚነሣ ብዙ ነው። በደሴ የክርስቲያኑ ጐረቤት የሆነው እስላምም በረመዳን ማታ በሳምቡሳው ዘይት ያው ፈተና ይደርስበታል። ጾም ለነፍስ፥ የሐኪም ክልከላ ለሥጋ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። ነገር ግን በጾም የሠለጠነ ሰው ለሁለተኛው የሚሆን ጕልበት አስቀድሞ በእጁ አለ።

«ሞት ለማይቀር ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ይሠራል? የእምነት ጕድለት አይደለምን?» የሚልም አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርና መድኃኒትን አለመናቅ እንዳስተማረ ይመልከት። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ደዌ ምን መጠጣት እንደሚገባው መክሮታል። የልብ ደዌ ደግሞ ሁልጊዜ በሞት አያልቅም፤ ግማሽ አካሉ ሰንፎ ብዙ ዓመት በአልጋ ላይ የሚተኛ ሰው የሚያጥበውና የሚያጐርሰው ማን ነው? ያችው ሚስቱ ናት። «ብሞትም ልሙት» ማለት ራሱን ብቻ የሚነካ ቃል መስሎት ይናገረዋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ፥ በየጊዜው መድኃኒት የሚወስዱ ሕመምተኞች ብዙ ተቸግረው ነበር። ያን የመሰለ ክፉ ቀን ሲመጣ በሰው እጅ የሚቀረው ድስቱ ነው። ይህ ማለት ግን ኪኒን ሲገኝ በጎመን ይተካ ማለት አይደለም፤ ሐኪም ሳያዝዝ ኪኒኑን የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ይጐዳል።

ለመብሉስ አገሩ ድኻ አይደለም። የወሎ ደጋ ገብስ፥ ባቄላና ምስር ያበቅላል፤ ገብስ ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። የኑግ ዘይትና ተልባ ከቅቤና ከሚረጋው ዘይት ይልቅ ለሥር ይስማማሉ። የሐይቅም ዓሣ ከደሴ ሩቅ አይደለም። ነጭ ሽንኵርት፥ ዝንጅብል፥ ኮረሪማ፥ በሶብላና ሎሚ በእጇ ያሉ ባለሙያ ጨው ስለ ቀነሰች ወጧ አይከሽፍም። ባልየውም ቢሆን ከመንገዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ቢመጣ፥ ሽንኵርቱንም ቢከትፍ፥ ሥራው የአንዲቱ ብቻ አይሆንም።

የሚቀረው የእንግዳ ነገር ነው፤ ባልና ሚስት ተስማምተው ሳለ በሰው ፊት የሚፈርስ ስምምነት ብዙ ነውና። በበዓል ቀን ወጡ በዘይትና በቅመም ይሠራል፤ የነጠረው ቅቤና ጨው በትንሽ ዕቃ ለብቻ ይቀርባል፤ እንግዳ የሚሻውን ያህል በፊቱ ባለው ላይ ይጨምራል። ከጐረቤት የመጡ አሮጊትም ቀምሰው ወደ ባለቤቲቱ ዞረው፥ «ምነው ልጄ፥ ዘንድሮ ቅቤ ተወደደ እንዴ?» ቢሏት፥ እርሷ አፍራ ከመናገሯ በፊት መልሱን መስጠት የባልየው ፈንታ ነው፤ «እትዬ፥ ቅቤው እነሆ በዕቃው አለ፤ ከወጡ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ እርሷም ስለ እኔ ብላ ትታዋለች» ብሎ ዕቃውን ያቀርብላቸዋል።