«የእኛ» የማለት ዕዳ

በውጭ አገር ስሙ የገነነ የኢትዮጵያ ተወላጅ በተነሣ ቁጥር ከአንደበታችን ፈጥኖ የሚወጣው ቃል «የእኛ» የሚለው ነው። ቃሉ የሚያሸክመውን ዕዳ ግን እምብዛም አናስተውልም። ባለቤት ነኝ የሚል ያለውን ሊያውቀው ይገባል፤ ሳያውቅ የሚመካ የሌላውን ድካም በነጻ የወሰደ ነው። ይህ ጉዳይ መምህራን በሚሠለጥኑባት በኮተቤ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

እስቲ ለአብነት ሠዓሊት ጁሊ ምሕረቱን እንመልከት። ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአሜሪካዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። በ1977፣ ገና ሕፃን ሳለች፣ ቤተሰቧ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሥነ ጥበብን የተማረችውም ሆነ ስሟ የተጠራው በዚያ ነው። በግዙፍ ረቂቅ ሥዕሎቿ ብትታወቅም፣ የኅትመት ጥበብ ሌላው የሥራዋ ዓምድ ነው። በ2016 የወጣው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ስድስት ክፍሎች ያሉት ኅትመት ሲሆን የታተመው በኮፐንሃገን ነው። የደማስቆ ሕንፃዎች ንድፍ ደብዝዞ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል፤ የሠዓሊቷ እጅ ጭረትና ነጠብጣብ ያወርድበታል፤ አሲድ የበላው ጎድጓዳ ቀለም ይይዛል፤ ወረቀቱም በማተሚያው ግፊት ያንን ቀለም ይቀበላል። ሥራውን የሚያይ ሰው የፈራረሰች ከተማ ጭስ የሚታየው ይመስለዋል።

«ይህ ረቂቅ ነገር ለሰፊው ሕዝብ ምን ይናገራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው የሚያወጣው ጥለት የማን መልክ ነው? ማንም ይህን አይጠይቅም። ዓይን ከልጅነቱ ስለለመደው መስመሩንና ኅብሩን አይቶ ያደንቃል። እንግዲህ የጐደለን ልምድ እንጂ ችሎታ አይደለም።

በዚያው በ2016 የጁሊ ሥራዎች በአዲስ አበባ፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ለእይታ ቀርበው ነበር። ገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ሥዕልን በአገራችን ካስተማሩት ቀደምት መምህራን አንዱ ሲሆን በ1981 በአሜሪካ፣ በስደት ላይ ሳለ ዐረፈ። ሙዚየሙ በስሙ የተከፈተው በ2008 ነው። አንዱን ካጣነው በኋላ አከበርነው፤ ሌላዋን ዓለም ካከበራት በኋላ ጠራናት። ስለዚህ «የተሰደደው ሠዓሊ ለአገሩ ምን አደረገ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «አገርስ ሥራውን የሚያይ ዓይን አሳድጋለች ወይ?» የሚለውም አብሮ ይጠየቅ።

ኅትመት ለዚህ ምቹ ጥበብ ነው። ከአንድ ሰሌዳ የሚወጣው እያንዳንዱ ቅጂ ራሱን የቻለ ዋና ሥራ ስለሆነ በአንድ ባለጸጋ ግድግዳ ላይ ብቻ አይቀርም። እርግጥ የጁሊ ኅትመቶች ዋጋ በመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም፤ የጥበቡን መሠረት ለመማር ግን መዳብና አሲድም ግድ አይሆኑም። ለስላሳ ጣውላ፣ መቅረጫ፣ ቀለምና ወረቀት ከተገኙ፣ ማተሚያ ባይኖር እንኳ የወረቀቱን ጀርባ በማንኪያ ማሸት ይበቃል። ከኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ መምህር ይህን ጥበብ ይዞ ወደ ገጠር ቢዘልቅ፣ ተማሪዎቹ መስመር ምን ሊናገር እንደሚችል በገዛ እጃቸው ሠርተው ያውቁታል። «የእኛ» ማለት የሚያምርብን ያን ጊዜ ነው።