ካርድ የሚቆጥር አሰልጣኝ

የቄራ ልጅ ስለ ሁለት ነገር ምክር አይቀበልም፤ ስለ ሥጋና ስለ ኳስ። ስለ ሥጋው ሌላ ጊዜ እናወራለን። ዛሬ የማነሣው ስለ ኳስ፣ ይልቁንም ስለ አሰልጣኝ ነው። ለመሆኑ አሰልጣኝ የሚለካው በምንድን ነው? በዋንጫ ነው እንዳትሉኝ። እሱን እኔም ብዬው ነበር፤ ያልኩትንም እነግራችኋለሁ።

በልጅነታችን ከብቶቹ ሌሊት ወደ ቄራው ሲነዱ በኮቴያቸው ድምፅ ነበር የምንነቃው። ሲነጋ አሞራው ጣሪያው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሽታው ትዝ የሚለን እንግዳ መጥቶ አፍንጫውን ሲይዝ ብቻ ነው። ሥጋው ግን በመሀላችን አልፎ ወደ ሌላ ሰፈር ነበር የሚሄደው። እንግዲህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የክረምቱ የሰፈሮች ውድድር ሽልማት ሙክት በግ ነው ሲባል እንዴት እንደ ተንሰፈሰፍን ገምቱ።

አሰልጣኛችን ቄራ ውስጥ ሥጋ ተሸካሚ ነበሩ። ሌሊት ሲሸከሙ ያድሩና ተጣጥበው በማለዳ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። አንድ ፊሽካ፣ የሰፈሩ ሰው ሳንቲም አዋጥቶ የገዛው አንድ ኳስና አንድ ደብተር ነበራቸው። ደብተሩ ላይ ማን እንዳረፈደ፣ ማን ጓደኛውን እንደ ሰደበ፣ ማን ቢጫ ካርድ እንዳየ ይጽፋሉ። እኛ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው።

ለዋንጫ ደረስን። አጥቂያችን ግን ሁለት ቢጫ ነበረበት፤ በውድድሩ ደንብ ደግሞ ሁለት ቢጫ ያየ አንድ ጨዋታ ያርፋል። ነገር ግን የአንደኛው ጨዋታ ዳኛ ሪፖርት በዝናብ ርሶ ጠፍቷልና አዘጋጆቹ ዘንድ የተመዘገበው አንድ ቢጫ ብቻ ነው። ሁለተኛው ያለው ጋሼ ደብተር ላይ ነው። በቃ! ከደብተሩ አንድ ገጽ መገንጠል እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ጋሼ ልጁን ከሜዳው ዳር አስቀመጡት። 1 ለ 0 ተሸነፍን። በጉ እየጮኸ ወደ ጎፋ ሄደ።

የሰፈሩ ኮሚቴ በሳምንቱ ተሰብስቦ ጋሼን አሰናበተ። «ዳኛ ያላየውን እሱ ምን አሳየው?» ነበር ክሱ። እኔም ከሚጮኹት አንዱ ነበርኩ። ኳሱን ከቤታቸው ተቀብለህ አምጣ ተብዬ የተላክሁትም እኔው ነኝ። ጋሼ ኳሱን በጨርቅ ወልውለው፣ ንፋሱ እንዳልጎደለ በአውራ ጣታቸው ተጭነው አይተው ሰጡኝ። «በል፣ እሾህ ላይ እንዳታነጥሩት» አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ይህን ታሪክ ረስቼው ነበር፤ ያስታወሰኝ ብሔራዊ ቡድናችን ነው። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ያልጨፈረ ማን ነው? በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ። ዓለም ዋንጫ ልንገባ ነው አልን። ደስታው ሳይበርድ የፊፋ ወሬ መጣ፤ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ እያለበት ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል ተባለ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፣ 3 ነጥብ ተቀነሰብን።

በዚያን ሰሞን ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁት ጥያቄ እስካሁን ይገርመኛል። «መጫወት ይችል ነበር ወይ?» ያለ ሰው አልሰማሁም። «ማን ጠቆመብን?» ነበር ሁሉም የሚለው። ካርድ መቁጠር የማን ሥራ ነው የሚለው ክርክር የተነሣው ኋላ ነው፤ ያውም ጥፋተኛ ለመፈለግ። እኔም ሻዬን እየጠጣሁ «ማን ጠቆመ?» ብዬ ነበር። ወዲያው ግን የጋሼ ደብተር ትዝ አለኝ፤ ሻዩም አልዋጥ አለኝ።

ቡድኑ ነጥብ ተቀንሶበትም ምድቡን በአንደኝነት አልፎ፣ በመጨረሻው ማጣሪያ ናይጄሪያ በደርሶ መልስ አሸንፋ አስቀረችው። በ2006 ዓ.ም. በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ተሸነፈና አሰልጣኝ ሰውነት ብዙም ሳይቆዩ ተሰናበቱ። የ31 ዓመት ጥማት ያረካው ሰው ሥራ 16 ወር ያህል ብቻ አቆየው። በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም። እነሱ እግር ኳስ የሚሉት በእጅ የሚያዘውን ነው፤ ይሁን፣ ስሙን ለነሱ እንተውላቸው። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ትልቁን ደመወዝ የሚበላው አገረ ገዢው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ሲሸነፍ ይባረራል፤ ልዩነቱ ሲባረር የቀረ የውሉን ገንዘብ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ዶላር፣ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ጋሼ ግን ኳሱን ወልውለው አስረክበው ነው የሄዱት።

እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ጋሼ ልክ፣ እኛ ጥፋተኞች። ነገር ግን አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ሐቀኛ አሰልጣኝ የሐቁን ዋጋ ከራሱ ኪስ ብቻ አይከፍልም፤ ልጆቹንም ያስከፍላል። የዚያን ቀን ተጫዋች የሚመለምል የክለብ ሰው ሜዳው ዳር ቆሞ ነበር ይባላል። ያየው ሌሎቻችንን ነው። አጥቂያችንን አላየውም። የአንድ ልጅ ዕድል ከአንድ ቢጫ ካርድ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም? ጋሼ ይህን አስበውት ይሆን? እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ ደብተሩን ቤት ረስቼው የምመጣ ይመስለኛል። በዚህም አልኮራም።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። አጥቂያችን ግን እዚያው ቄራ ጎሚስታ ቤት አለው። ባለፈው ጎማ ላስጠግን ሄጄ፣ ፈራ ተባ እያልኩ ያን ጨዋታ አነሣሁበት።

«ሁለት ነበር» አለኝ ከጎማው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «እኔም አውቅ ነበር፤ እንዳይነቃብኝ ዝም ብዬ ነው እንጂ። ጋሼ ጠዋት ጠርተው ‹ስንት ነው?› ብለው ጠየቁኝ። አንድ አልኳቸው። ደብተሩን አላወጡም። ደግመው ‹ስንት ነው?› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁለት አልኳቸው።»

«ተቀየምካቸው?»

«ብዙ ዓመት!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ አየኝ። «ኳሱን ከቤታቸው የወሰድከው አንተ ነበርክ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

ምንም አላለም። ካላማደሪያውን ነፍቶ ውኃው ውስጥ ነከረና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ መፈለግ ጀመረ።