የቁጥር ሁለት ዕዳ

«ግሪዝ» የተባለው የሙዚቃ ፊልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ሲወጣ የፈጀው ስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ገቢው ግን በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከታዩት ፊልሞች ሁሉ በለጠ። ጆን ትራቮልታና ኦሊቪያ ኒውተን ጆን የተቀባበሏቸው ዘፈኖችም ከሲኒማ ቤት ወጥተው በየጭፈራው ገቡ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በሰኔ 1982፣ «ግሪዝ 2» መጣ። ትራቮልታ የለም። ኒውተን ጆን የለችም። ትምህርት ቤቱ ያው ነው፣ ርእሰ መምህሯም ያቺው ናት። ወጪው እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ይህ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ያገኘው 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። ሲኒማ የገባው «ኢ.ቲ.» በጀመረበት ቀን መሆኑም አልረዳውም።

ገበያውን ልተወው፤ የሚገርመኝ ቅያሜው ነው። ሰው ያልጣመውን ፊልም ይረሳዋል እንጂ አይቀየመውም። ይህን ግን ተቀየሙት፣ የመጀመሪያውን እንዳቆሸሸባቸው ቆጠሩት። ምኑን አቆሸሸ? ከ1978ቱ ፊልም አንዲት ምስል አልተነካችም። የፈለገ ዛሬም ከፍቶ ያየዋል፤ መኪናዋ መጨረሻ ላይ እንደ ልማዷ ወደ ሰማይ ትበራለች።

ፊልሙ ደካማ ስለሆነ ነው ማለት ይቀላል። እውነትም ደካማ ጎን አለው፤ ዘመኑ 1961 ነው እየተባለ ሙዚቃው ሰማንያዎቹን ይሸታል። ሆኖም ዳይሬክተሯ ፓትሪሺያ በርች የመጀመሪያውን ፊልም ጭፈራ ያቀናበረችው ራሷ ናት፣ በቦውሊንግ ቤቱ ትዕይንትም እጇ አልዛለም። ታሪኩ እንዲያውም ከመጀመሪያው የተሻለ ሐሳብ ይዟል ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ኒውተን ጆን የተጫወተቻት ሳንዲ ለወደደችው ልጅ ስትል ጸጉሯን አንጨባርራ፣ ጥብቅ ያለ ጥቁር ለብሳ ትመጣለች። በሁለተኛው የሚለወጠው ወንዱ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው ማይክል ለትምህርት ቤቱ ጎረምሶች ድርሰት እየጻፈ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይገዛል፣ መንዳቱን ማንም ሳያውቅ ይለማመዳል፣ ከዚያ ፊቱን በመነጽር ሸፍኖ በወደዳት ልጅ በስቴፋኒ ፊት ብቅ ይላል። በሳንዲ መለወጥ ያጉረመረመ ተመልካች እዚህ ደስ ሊለው በተገባ ነበር። አላለውም። የመጣው ለሐሳብ አልነበረማ።

የዴንማርኩ ፈላስፋ ኪርኬጎር በ1843 ባሳተመው «ድግግሞሽ» በተባለ መጽሐፍ አንድ ሰው ይተርካል። ሰውየው ድሮ የተደሰተበትን የበርሊን ጉዞ እንደገና ለመድገም ይነሣል። ያረፈበት ቤት ይገባል፣ ባለቤቱ ግን አግብቷል። ያንኑ ቲያትር ቤት ይሄዳል፣ ያኔ በሳቅ የገደለው ተዋናይ አሁን አያስቀውም፤ ጥቂት ታግሦ ተነሥቶ ይወጣል። ይህ ሰው እንኳ ያንኑ ከተማና ያንኑ ተዋናይ አግኝቶ ነው ያልሆነለት። የ«ግሪዝ 2» ተመልካች ግን በሌሎች ሰዎች፣ በሌሎች ዘፈኖች፣ ያንኑ ስሜት ፈለገ።

በሙዚቃ ፊልም ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ታሪክ በአንድ ጊዜ ዕይታ ይገባል፤ ዘፈን ግን ካልተደጋገመ አይወደድም። የመጀመሪያው «ግሪዝ» ሲኒማ ሳይደርስ ትራቮልታና ኒውተን ጆን የተቀባበሉት ዘፈን በሸክላ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያም ሕዝቡ አራት ዓመት ሙሉ አዜመው። ስቴፋኒ መሰላል ላይ ተንጠላጥላ የምትዘፍነውን አዲስ ዘፈን የምንመዝነው እንግዲህ አራት ዓመት ካረጀ ፍቅር ጋር ነው። እኩል ሚዛን አይደለም። ቆይቶ ፊልሙን አጥብቀው የወደዱ ብዙ ሰዎች መጡ፤ ከእነሱም መካከል በልጅነታቸው ቤታቸው ሆነው ያዩት አሉ። አፋቸውን የፈቱት በሁለተኛው ነውና የሚያስታውሱት ሌላ ዜማ አልነበረም።

ታዲያ የተቀየመው ሰው ተሳስቷል? ሙሉ በሙሉ እንዲያ አልልም። «ግሪዝ» የሚለው ስም ከፊልሙ ላይ ቢፋቅ ማንም ባልጠላው ነበር፤ ግን ማንስ ሊያየው ይሰለፍ ነበር? ትኬቱን የሸጠው ስሙ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ ሮበርት ስቲግዉድና አለን ካር በሰው ትዝታ ነግደዋል፣ ሰውም ትዝታው እንዲመለስለት ጠየቀ። ጥያቄው የማይፈጸም ነው፤ ጥያቄውን ያስነሡት ግን ስሙን የለጠፉት ናቸው።

ክፍያው የወረደው ግን በእነሱ ላይ አልነበረም። ማይክልን የተጫወተው ማክስዌል ኮልፊልድ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፤ ከፊልሙ በፊት መጪው ኮከብ ሲባል ቆይቶ፣ ከወደቀ በኋላ ዞር ብሎ ያየው እንዳልነበር ራሱ ተናግሯል። ስቴፋኒን የተጫወተችው ሚሼል ፋይፈር ግን በዓመቱ ከአል ፓቺኖ ጋር «ስካርፌስ» ላይ ታየችና ስሟ ተነሣ። ምናልባት እዚያ ማንም ከእሷ የኒውተን ጆንን ድምፅ ስላልጠበቀ ይሆናል።